ዋይፋይ ኮሊንግ በአይፎን፣ በሳምሰንግ፣ በፒክስልና ከውጭ በመጡ ስልኮች፦ አከፋፈቱና አፈታተኑ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ምድር ቤት በተከራየሁበት የመጀመሪያ ሳምንት ስልኬ ቀኑን ሙሉ ጸጥ ብሎ ይውልና፣ ቆሻሻ ልጥል ደረጃውን ወጥቼ ደጅ ስደርስ አራት አምስት የድምፅ መልእክት በአንድ ጊዜ ያዘንብብኝ ነበር። ከመሬት በታች ባለው ክፍል ውስጥ የማማው ኔትወርክ አይደርስም፤ የቤቱ ዋይፋይ ግን ፊልም ሳይቆራረጥ ያሳያል። ይህን ክፍተት የሚሞላው ዋይፋይ ኮሊንግ የሚባለው አገልግሎት ሲሆን፣ አብዛኛው ሰው ስልኩ ውስጥ ተዘግቶ ስለሚቀመጥ መኖሩን እንኳ አያውቅም፤ የከፈተውም ቢሆን በትክክል መሥራቱን ሳይፈትን ይተወዋል። ይህ መመሪያ በተለይ አሜሪካ የሚኖሩ ሰዎችን ታሳቢ አድርጎ የተዘጋጀ ነው፤ የመፈተኛ ዘዴዎቹ ግን በሌላ አገር ላለም ሰው ያገለግላሉ።

ከዋትስአፕ የሚለይበት ነገር

ዋይፋይ ኮሊንግን ከዋትስአፕ፣ ከቫይበር ወይም ከኢሞ ጋር የሚያደባልቅ ብዙ ነው። በእነዚህ መተግበሪያዎች ለመነጋገር ሁለቱም ወገኖች መተግበሪያውን መጫንና ኢንተርኔት ላይ መሆን አለባቸው። በዋይፋይ ኮሊንግ ግን የሚደውሉት በራስዎ መደበኛ ቁጥር፣ ሁልጊዜ በሚደውሉበት የስልክ ሰሌዳ ነው፤ የተደወለለት ሰው የቤት ስልክ ብቻ ቢኖረውም ጥሪው ይደርሰዋል። ስልክዎ በኢንተርኔት በኩል እስከ ስልክ ኩባንያዎ መግቢያ ድረስ በምስጢር የተቆለፈ መተላለፊያ ይከፍታል፣ ሲም ካርዱ ማንነቱን ያረጋግጣል፣ ከዚያ በኋላ ኩባንያው የቤትዎን ዋይፋይ እንደ አንድ ተጨማሪ ማማ ይቆጥረዋል። ባንክ የሚልከው የማረጋገጫ ቁጥርን ጨምሮ አጭር የጽሑፍ መልእክትም በዚሁ መንገድ ይገባል።

አገልግሎቱ አዲስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ቲ-ሞባይል በ2007 ሲጀምረው የሚሠራው ኖኪያ 6086 እና ሳምሰንግ ቲ409 በተባሉ ሁለት ተጣጣፊ ስልኮች ብቻ ነበር። አይፎን ያገኘው በ2014 ከአይኦኤስ 8 ጋር ነው፤ ያኔም በአሜሪካ በቲ-ሞባይል መስመር ላይ ብቻ ነበር። ኤቲ ኤንድ ቲ በጥቅምት 2015 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) ተከተለ፤ ቬራይዘን ደግሞ በዚያው ዓመት መጨረሻ በአንድሮይድ ጀምሮ በመጋቢት 2016 ለአይፎን ከፈተው። ይህን ታሪክ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አገልግሎቱ ከመጀመሪያው አንስቶ በኩባንያውና በስልኩ መካከል በሚደረግ ስምምነት፣ ስልክ በስልክ እየተፈቀደ የመጣ ነው፤ ዛሬም አንድ ውድ ስልክ በአንድ መስመር ላይ እንከን የለሽ ሆኖ በሌላው ላይ ምርጫውን ጭራሽ የማያሳየው በዚህ ምክንያት ነው።

አንደኛ፦ ከመክፈትዎ በፊት የሚጣሩ ነገሮች

ሦስት ነገሮች አንድ ላይ መገኘት አለባቸው፤ ስልኩ አገልግሎቱን የሚችል መሆን፣ ኩባንያው ለዚያ የስልክ ሞዴል ፈቃድ መስጠት፣ ዋይፋዩም መተላለፊያውን አለመዝጋት። የመጀመሪያውን ማጣራት ቀላል ነው፤ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ የወጣ የታወቀ ስልክ ሁሉ ማለት ይቻላል ይችለዋል። ችግር የሚበዛው ሁለተኛው ላይ ስለሆነ፣ በተለይ ስልኩን የገዙት ከኩባንያው ሱቅ ካልሆነ፣ የኩባንያው ድረ ገጽ ላይ የስልኩን መለያ ቁጥር አስገብተው ያረጋግጡ። መለያ ቁጥሩን ለማግኘት *#06# ብለው መደወል ይበቃል።

ከዚህ ሌላ ቮልቲኢ፣ ማለትም በአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ ድምፅ የሚተላለፍበት አገልግሎት፣ መከፈቱን ይመልከቱ። አሜሪካ ውስጥ ትልልቆቹ ኩባንያዎች የሦስተኛውን ትውልድ ኔትወርክ በ2022 ስለዘጉ፣ በዋይፋይ የጀመረ ጥሪ ከቤት ሲወጡ ሳይቋረጥ ወደ ማማው መሻገር የሚችለው ቮልቲኢ ካለ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፦ በየስልኩ አከፋፈቱ

በአይፎን ላይ ሴቲንግ ውስጥ ሴሉላር የሚለውን ይጫኑ፣ ሁለት መስመር ካለዎት የሚፈልጉትን መስመር ይምረጡ፣ ከዚያ ዋይፋይ ኮሊንግ የሚለውን ከፍተው ማብሪያውን ወደ አረንጓዴ ያዙሩት። የአይፎን ትልቁ ጥቅም፣ የትም አገር ቢገዛ የኩባንያው ቅንብር ሲም ካርዱ ሲገባ በራሱ የሚወርድለት መሆኑ ነው። ምርጫው ካልታየ ከዋይፋይ ጋር ተገናኝተው ጄኔራል ውስጥ አባውት የሚለውን ከፍተው ትንሽ ይቆዩ፤ አዲስ የኩባንያ ቅንብር ካለ ልጫን ወይ ብሎ ይጠይቅዎታል። አገልግሎቱ ሥራ መጀመሩን ለማወቅ ከማያ ገጹ የቀኝ ጥግ ወደ ታች ስበው ኮንትሮል ሴንተርን ይክፈቱ፤ ከኩባንያው ስም ቀጥሎ ዋይፋይ የሚል ቃል ከታየ መስመሩ በዋይፋዩ ላይ ተመዝግቧል ማለት ነው።

በሳምሰንግ ላይ ሴቲንግ፣ ቀጥሎ ኮኔክሽንስ፣ ቀጥሎ ዋይፋይ ኮሊንግ ነው፤ የመደወያውን መተግበሪያ ከፍተው ሦስቱን ነጥቦች በመጫንም ይገኛል። ሲሠራ ከላይ ባለው መስመር ላይ የዋይፋይ ሞገድ ያለበት ትንሽ የስልክ እጀታ ምልክት ይታያል። በብዙ የሳምሰንግ ስልኮች ላይ፣ እንደ ኩባንያው ፈቃድ፣ ዋይፋይን አስቀድም ወይም የሞባይል ኔትወርክን አስቀድም የሚል ተጨማሪ ምርጫ አለ። ምድር ቤት ለሚኖር ሰው የመጀመሪያው ይሻላል። ቀኑን ሙሉ በመኪና ለሚዞርና በየነዳጅ ማደያው ከደካማ ዋይፋይ ጋር ለሚጣበቅ ሰው ግን ሁለተኛውን እመክራለሁ።

በፒክስል ላይ ሴቲንግ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ሲምስ፣ ከዚያ የራስዎ መስመርና ዋይፋይ ኮሊንግ በሚል ቅደም ተከተል ይሄዳሉ። እዚህም የቅድሚያ ምርጫ አለ። ፒክስል አንድ ሌላ ጥቅም አለው፤ በመደወያው ላይ *#*#4636#*#* ሲጽፉ የሚከፈተው የተደበቀ ገጽ ውስጥ ስለ ስልኩ መረጃ የሚለውን መርጠው፣ ከሦስቱ ነጥቦች የአይኤምኤስን (የኩባንያው የድምፅ ጥሪ በኢንተርኔት የሚተላለፍበት ሥርዓት) ሁኔታ ሲያዩ፣ በዋይፋይ ድምፅ ማስተላለፍ ዝግጁ መሆን አለመሆኑን በቀጥታ ይነግርዎታል። ቁጥሩ በብዙ ሌሎች አንድሮይድ ስልኮችም ላይ ይሠራል፤ በአንዳንዶቹ ላይ ግን አምራቹ ዘግቶታል።

የትኛውም ስልክ ቢሆን፣ አሜሪካ ውስጥ አገልግሎቱን ሲከፍቱ የአደጋ ጊዜ አድራሻ ያስሞላዎታል። ይህን ገጽ በችኮላ አይለፉት። በማማ በኩል 911 ሲደውሉ ያሉበት ቦታ በግምት ይታወቃል፤ በዋይፋይ ሲደውሉ ግን ተቀባዩ የሚያየው የጻፉትን አድራሻ ሊሆን ይችላል። ምድር ቤት የሚኖሩ ከሆነ የቤቱን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ምድር ቤት መሆኑን፣ የተለየ መግቢያ ካለውም ያንኑ ይጨምሩ። ከቨርጂኒያ ወደ ሜሪላንድ ቤት ሲቀይሩ አድራሻው አብሮዎት አይዞርም፤ ሄደው መቀየር ያለብዎት እርስዎ ነዎት።

ከዱባይ ወይም ከሌላ አገር የመጡ ስልኮች

ዘመድ ከዱባይ ያመጣው ሳምሰንግ ወይም ሬድሚ ላይ የአሜሪካ ሲም ካርድ ሲያስገቡ፣ ዋይፋይ ኮሊንግ የሚለው መስመር ከነጭራሹ የማይገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ስልኩ ተበላሽቶ አይደለም። አንድሮይድ አምራቾች ሶፍትዌሩን በየክልሉ ለይተው ያዘጋጃሉ፤ ለባሕረ ሰላጤው አገሮች የተዘጋጀው የአሜሪካውን ኩባንያ ቅንብር ላይዝ ይችላል፤ ኩባንያውም በበኩሉ ያንን የሞዴል ቁጥር ከፈቀዳቸው ስልኮች ዝርዝር ውስጥ ላያገኘው ይችላል። ተቃራኒውም እውነት ነው፤ ከአሜሪካ የተላከ ፒክስል፣ ፒክስል በይፋ በማይሸጥበት አገር መስመር ላይ ቮልቲኢም ዋይፋይ ኮሊንግም ሊያጣ ይችላል።

በሻዎሚና በሬድሚ ስልኮች ላይ አንድ የሚሞከር ነገር አለ፤ በመደወያው ላይ *#*#869434#*#* ሲጽፉ ስልኩ የኩባንያውን ፈቃድ ማጣራቱን ያቆምና ምርጫው ሴቲንግ ውስጥ ብቅ ሊል ይችላል። ብቅ ማለቱ ግን መሥራቱን አያረጋግጥም፤ ኩባንያው ስልኩን ካልተቀበለው ማብሪያው እየበራ መስመሩ አይመዘገብም። ለሌሎች አምራቾች ኢንተርኔት ላይ የሚዘዋወሩ ሶፍትዌር የመቀየሪያ ዘዴዎችን እኔ አልመክርም፤ ሲሳሳቱ የሚጠፋው ዋይፋይ ኮሊንግ ብቻ አይደለም። ያገለገለ ስልክ የሚገዙ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት የራስዎን ሲም ካርድ አስገብተው ምርጫው መኖሩን ሻጩ ፊት ይዩ።

ሦስተኛ፦ በእርግጥ በዋይፋይ እየደወሉ መሆኑን ማረጋገጥ

አገልግሎቱን ከከፈቱ በኋላ ደውለው ድምፅ ስለሰሙ ብቻ ሠርቷል ብለው አይደምድሙ፤ ጥሪው በማማው በኩል ሄዶ ሊሆን ይችላል። እርግጠኛው ፈተና ይህ ነው። ኤርፕሌን ሞድን ያብሩ። የማማው ኔትወርክ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ከዚያ ዋይፋይን ብቻ መልሰው ያብሩና ግማሽ ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፤ የኩባንያው ስም ከዋይፋይ ቃል ወይም ምልክት ጋር ተመልሶ ይመጣል። አሁን ይደውሉ። ከገባ፣ ያለ ዋይፋይ በሌላ በምንም መንገድ ሊገባ አይችልምና ጥያቄው ተዘጋ። ከዚያም ሌላ ሰው እንዲደውልልዎና አጭር መልእክት እንዲልክልዎ ያድርጉ፤ መደወል እየቻሉ መቀበል የማይችሉበት ሁኔታ ያጋጥማልና።

ኤርፕሌን ሞድ ላይ ስሙ ተመልሶ ካልመጣ፣ በሌላ ዋይፋይ ላይ ደግመው ይሞክሩት። በጎረቤት ወይም በጓደኛ ቤት ዋይፋይ የሚሠራ ከሆነ ጥፋቱ የራስዎ ራውተር ነው፤ የትም የማይሠራ ከሆነ የስልኩ ወይም የኩባንያው ነው። ይህን ሳይለዩ ለኩባንያው መደወል ጊዜ ማቃጠል ነው። እኔ ራሴ አንድ ቅዳሜ ከአገልግሎት ሠራተኛ ጋር ረጅም ሰዓት ስነታረክ ቆይቼ፣ መጨረሻ ላይ ጥፋቱ ስልኬ ላይ የረሳሁት ቪፒኤን ሆኖ ተገኝቷል። ቪፒኤን ካለዎት መጀመሪያ ያጥፉት።

አራተኛ፦ የድምፁን ጥራት መለካት

አንድ ጥሪ የሚፈልገው የኢንተርኔት መጠን በጣም ትንሽ ነው፤ በየአቅጣጫው ከ100 ኪሎቢት በሰከንድ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ኢንተርኔቴ ፈጣን ነው ብሎ መተማመን እዚህ ላይ አያዋጣም። ድምፅዎ በ20 ሚሊሰከንድ ልክ እየተቆራረሰ በሰከንድ 50 እሽግ ሆኖ ይጓዛል፤ ጥራቱን የሚወስነው እሽጎቹ ሳይጠፉና ሳይዘበራረቁ በጊዜያቸው መድረሳቸው ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለጥሩ ንግግር ድምፁ ከአፍ እስከ ጆሮ ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ ባይዘገይ ይመረጣል ይላል።

ያለ ምንም መሣሪያ የምጠቀምበት ፈተና የሚከተለው ነው። ኤርፕሌን ሞድ ላይ ሆነው፣ በዋይፋይ ብቻ፣ ለማያነሣልዎት የቅርብ ሰው ስልክ ይደውሉና የድምፅ መልእክት መቀበያው ላይ ከአንድ እስከ ሃምሳ በእኩል ፍጥነት ይቁጠሩ። ሠላሳ ሲደርሱ ቤት ውስጥ ያለ ሌላ ሰው ረጅም ቪዲዮ በቴሌግራም መላክ ይጀምር። በኋላ መልእክቱን አብረው ያዳምጡት። እስከ ሠላሳ ጥርት ብሎ ከዚያ በኋላ «ሠላሳ ሁለት… ሠላሳ አም… ሠላሳ ዘጠኝ» እያለ ቁጥር የሚዘል ከሆነ፣ ችግሩ ስልኩ ሳይሆን ወደ ውጭ የሚላከው መስመር መጨናነቁ ነው። ይህ ፈተና የሚጠቅመው እርስዎ ሌላውን በደንብ እየሰሙ እርስዎን ግን «ትቆራረጣለህ» የሚሉዎት ጊዜ ነው፤ በራስዎ ጆሮ ያንን ማወቅ አይችሉምና።

ስልኮችን ማወዳደር ከፈለጉ ፈተናውን በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዋይፋይ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ያድርጉት፤ ከተቻለም ሲም ካርዱን ከአንዱ ወደ ሌላው እያዘዋወሩ። እኔ ቤት ውስጥ ባደረግሁት ሙከራ በአይፎን፣ በፒክስልና በሳምሰንግ መካከል ቆሞ በመነጋገር ላይ ልዩነት አላገኘሁም። ልዩነቱ የታየው ሲንቀሳቀሱ ነው።

አምስተኛ፦ እየተራመዱ መፈተን

ኤርፕሌን ሞድን አጥፍተው፣ ዋይፋዩን እንዳበሩ፣ ራውተሩ አጠገብ ሆነው ይደውሉ። እየተናገሩ በሩን ከፍተው፣ ደረጃውን ወጥተው፣ እስከ መንገዱ ይሂዱ። ጥሪው ሳይቋረጥ ወደ ማማው መሻገር አለበት። ብዙ ጊዜ ክፉው ቦታ ዋይፋዩ ሙሉ በሙሉ ያልጠፋበት፣ ግን ድምፅ የማይሸከምበት መካከለኛ ርቀት ነው፤ በእኔ ቤት ከደረጃው ሦስተኛ እርከን እስከ ፖስታ ሳጥኑ ድረስ ያለው ነው። አንዳንድ ስልክ እዚያ ላይ ዋይፋዩን ቶሎ ይለቃል፤ ሌላው እንደ ሙጫ ይዞት «ሃሎ? ሃሎ?» ያስብላል። ተመልሰውም ይግቡ፤ ከማማ ወደ ዋይፋይ መሻገር ለብቻው የሚፈተን ነገር ነው። ስልክዎ በመካከለኛው ርቀት ላይ የሚያስቸግር ከሆነ የቅድሚያውን ምርጫ ወደ ሞባይል ኔትወርክ መቀየር፣ ያ ከሌለ ደግሞ ከቤት ሊወጡ ሲሉ ዋይፋዩን ማጥፋት ይሻላል።

ስድስተኛ፦ ራውተሩን ማስተካከል

ራውተሩ ሁለት ድግግሞሽ ካለው፣ ለስልክዎ 5 ጊጋኸርዙን ይስጡት። 2.4 ጊጋኸርዙ ግድግዳ አልፎ ሩቅ ይሄዳል፤ ነገር ግን ከጎረቤት ዋይፋይ ሁሉ ጋር ይጋፋል፣ ከማይክሮዌቭም ጋር አይስማማም። የትናንት ሽሮ ሊሞቅ ሲገባ ድምፁ ተሰባብሮ፣ የማይክሮዌቩ ደወል ሲጮህ ተመልሶ ጥርት የሚል ከሆነ ምክንያቱን አገኙት። የሲግናሉን ጥንካሬ በሚለካ መተግበሪያ ሲያዩ፣ በሚነጋገሩበት ቦታ ከ-67 ዲቢኤም ባይደክም ለድምፅ ይመረጣል (ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ሲግናሉ ጠንካራ ነው)። ወደ ውጭ የሚላከው መስመር የሚጨናነቅ ከሆነ፣ ራውተሩ ላይ ለድምፅ ቅድሚያ የሚሰጠውን ቅንብር ይክፈቱ፤ ከሌለውም የፎቶ ማስቀመጫ መተግበሪያዎች ሌሊት እንዲልኩ ያድርጉ።

መስመሩ ጭራሽ የማይመዘገብ ከሆነ፣ ራውተሩ ወይም የሥራ ቦታው ኔትወርክ የዩዲፒ 500 እና 4500 ወደቦችን (የኢንተርኔት መረጃ የሚያልፍባቸው ቁጥር የተሰጣቸው በሮች) ዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ መተላለፊያው የሚከፈተው በእነዚህ ነው። በሆቴልና በሆስፒታል ዋይፋይ ላይ ደግሞ አስቀድሞ በአሳሽ ገጹን ከፍቶ መስማማት ያስፈልጋል። በነገራችን ላይ፣ ሲፕ ኤኤልጂ የሚባለውን የራውተር ቅንብር አጥፉ የሚል ምክር በየቦታው ይገኛል፤ ለቢሮ የኢንተርኔት ስልኮች ተገቢ ነው፣ የዋይፋይ ኮሊንግ ጥሪ ግን በተቆለፈው መተላለፊያ ውስጥ ስለሚያልፍ ራውተሩ ምኑንም አያየውም። ጊዜዎን አያባክኑበት።

ሁሉም ካልሠራ የመጨረሻው እርምጃ የኔትወርክ ቅንብርን ወደ መነሻው መመለስ ነው። ያስቀመጧቸው የዋይፋይ የይለፍ ቃሎች ሁሉ ስለሚጠፉ አስቀድመው ወረቀት ላይ ይያዟቸው።

ሰባተኛ፦ ወደ አዲስ አበባ ይዘውት ሲሄዱ

ዋይፋይ ኮሊንግን ከአሜሪካ ሳይወጡ፣ ማማው ባለበት ቦታ ከፍተውና ፈትነው ይሂዱ፤ አዲስ አበባ ደርሰው ለመክፈት መሞከር ብዙ ጊዜ አይሳካም። እዚያ ሲደርሱ ኤርፕሌን ሞድ ላይ እንዳሉ ዋይፋዩን ብቻ ያብሩ። ይህ በስህተት የሮሚንግ ሒሳብ እንዳይመጣብዎ ይከላከላል። በትልልቆቹ የአሜሪካ ኩባንያዎች መስመር ላይ ከውጭ አገር በዋይፋይ ወደ አሜሪካ ቁጥር መደወል እንደ አገር ውስጥ ጥሪ ይቆጠራል፤ የባንክዎ የማረጋገጫ ቁጥርም በቦሌ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው ይገባልዎታል። የራስዎን የአገልግሎት ውል ግን ሳያነቡ አይነሡ፤ አንዳንድ ርካሽ ፓኬጆች ይህን አይጨምሩም።

በዚያው የአሜሪካ መስመር ለአዲስ አበባ ቁጥር ከደወሉ ግን፣ የተደወለለት ሰው ከመንገዱ ማዶ ቢኖርም፣ ድምፁ አሜሪካ ደርሶ ይመለሳል፣ ሒሳቡም ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ እንደተደወለ ይታሰባል። ለአገር ቤት ጥሪ የአገር ቤት ሲም ካርድ ይግዙ። ሁለት መስመር የሚይዝ ስልክ ካለዎት የአሜሪካውን በኢሲም (ካርድ የሌለው፣ ስልኩ ውስጥ የሚጫን ሲም)፣ የአገር ቤቱን በሲም ካርድ አድርገው፣ የአሜሪካውን መስመር ዳታ ሮሚንግ መዝጋትዎን ሁለት ጊዜ ያረጋግጡ፤ ኤርፕሌን ሞድ በዚህ ጊዜ ስለማያገለግል፣ የአሜሪካው መስመር በማማ በኩል የሚገባለትን ጥሪ ሲያነሡ ሮሚንግ ሊያስከፍልዎ እንደሚችል አይርሱ።

በውጭ አገር ሆነው 911 መደወልን ጭራሽ አይመኩበት፤ አሜሪካ ለሞሉት አድራሻ የሚሄድ አምቡላንስ ቦሌ አይደርስልዎትም። አዲስ አበባ ላይ ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ሁለቱንም በአገር ቤቱ ሲም ካርድ ይደውሉ።